ለፕሮሰሰር ሽማግሌ መላክ

እቁብ ደረሰኝ፤ ሌላው ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ፣ መጨረሻ። እቁቡ ሲጀመር ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ ዕጣው እኔን እስኪያስታውስ ድረስም ዶላሩ መቶን ዘሎ ሩቅ ሄዷል። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ብሎኗ ሳትቀር የምትታሰበው በዶላር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ባለዕጣ ሙሉ ኮምፒውተር ይገዛበት በነበረው ገንዘብ ግማሽ ኮምፒውተር ልገዛ ተነሣሁ።

ግማሽ ላፕቶፕ የሚሸጥ የለም። ደስክቶፕ ግን ዕቃው ለየብቻ ተገዝቶ ስለሚገጣጠም ዛሬ የጎደለውን ነገ መሙላት፣ የተቃጠለውን ብቻ አውጥቶ መቀየር ይቻላል። ይህን ለባለቤቴ በትዕግሥት አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «አንተ፣ እንደ ሰው አንድ ዕቃ ገዝተህ፣ አንድ ዕቃ ይዘህ መግባት አትችልም?» አለችኝ። ሐሳቤን የደገፈው የእህቴ ልጅ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተሩን ከኔ ጋር የሚጋራውም «ለማትሪክ ጥናት» ነው። ለማትሪክ ጥናት ስንት ጊጋ ግራፊክስ ካርድ እንደሚያስፈልግ ግን ከየትኛውም የፊዚክስ ቀመር በተሻለ በቃሉ ይወጣዋል።

ወሬው እንደተሰማ አማካሪ ጎረፈ። የሁሉም ምክር አንድ ነው፦ «ኮር አይ ሰቨን ግዛ።» ስንተኛ ጄኔሬሽን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አይ ሰቨን በከተማችን የፕሮሰሰር ዓይነት መሆኑ ቀርቶ ማዕረግ ሆኗል፤ አንዴ ከተሰጠ አይገፈፍም። የመጀመሪያው አይ ሰቨን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2013 የወጣው አራተኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን ከ2022ቱ አይ ስሪ ጋር ቢገጥም፣ ሁለቱም ባለ አራት ኮር ሆነው ሳለ፣ አይ ስሪው ጥሎት ይሄዳል። ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብነግረው ተቀየመኝ። የሱ አይ ሰቨን ነው፣ አራተኛ ጄኔሬሽን።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ መጻፍና ኢሜይል ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል ወገን ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አበቃ። ስለዚህ የፈረንጅ ቢሮዎች ገና ያላረጁትን ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ደስክቶፖች እያወጡ ይሸጣሉ። እነ ኦፕቲፕሌክስና ኤሊትዴስክ ኤስኤስዲ ከገባላቸው፣ ራም ከተጨመረላቸው ለደብዳቤና ለሒሳብ ሠንጠረዥ ከበቂ በላይ ናቸው። እኔም ዓይኔን ጥዬባቸው ነበር። የእህቴ ልጅ ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ትንሿ ኬዝ እኮ ጠባብ ናት፤ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባባትም። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይም የራሱ ሶኬት ነው ያለው፤ ቢቃጠል ከገበያ ያገኘነውን አንሰካበትም» አለኝ። ትክክል ነው። የሚያናድደውም ትክክል መሆኑ ነው።

ፕሮሰሰሩን ቶሎ ወሰንን፦ ራይዘን 5 5600 ጂ፤ ስድስት ኮር፣ 65 ዋት። ገንዘብ ለጠበበው ሰው ዋናዋ ነገር ጫፉ ላይ ያለችው ጂ ናት። ጂ ያለው ግራፊክሱን በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ ጋር አገናኝቶ ማብራት ነው። ጂ የሌለው 5600ም ሆነ በኢንቴል ወገን ኤፍ የተለጠፈበት 12400 ኤፍ ግራፊክስ የላቸውም። ዋጋቸው ቀነስ ይላል፤ ካርድ እስኪገዛላቸው ግን ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሌላው የቢሮ ባልደረባዬ በኤፍ ቅናሽ ተደስቶ ገዛና፣ ፋኑ በደንብ የሚዞር፣ ምንም የማያሳይ ኮምፒውተር ማታ ማታ ሲያዳምጥ ከርሟል።

ቀጥሎ ማዘርቦርድ። እዚህ ላይ ነው ሽማግሌ የሚያስፈልገው። በሰው ጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ይፈርሳል። በፕሮሰሰርና በማዘርቦርድ ጋብቻ ግን የሚፈርሰው ዝምድና ካልተገኘ ነው። የኛ ሙሽራ ቤተሰቡ ኤኤም 4 ይባላል። ይህ ቤተሰብ ብዙ ትውልድ የቆየ፣ ዘሩ የበዛ ስለሆነ ለድሃ ተስማሚ ነው፤ ተከታዩ ኤኤም 5 ከዲዲአር 5 ራም በቀር አልቀበልም ይላል። ነገር ግን ሶኬቱ አንድ መሆኑ አይበቃም። ቢ 450 የሚባለው ርካሹ ማዘርቦርድ እ.ኤ.አ. የ2018 ነው፤ ፕሮሰሰራችን የ2021። ባዮሱ ካልታደሰ ቦርዱ የገዛ ዘመዱን አይለየውም። ለማደስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ የሚያውቀው ሌላ አሮጌ ፕሮሰሰር መሰካት አለበት፤ ሙሽራው ቤት እንዲገባ መጀመሪያ አጎቱ ገብቶ ማደር አለበት እንደማለት ነው።

ሻጩን ጠየቅሁት። «አባቴ፣ ባዮሱ አፕዴት ተደርጓል።»

«በደንብ። እስቲ ክፈተውና ልየው።»

«አይከፈትም አባቴ፣ ፓክድ እኮ ነው! ከፋብሪካ እንደወጣ!»

«ካልተከፈተ ማን አፕዴት አደረገው?»

ሻጩ ጣሪያውን አየ። የእህቴ ልጅ ጫማውን አየ። ከፋብሪካ ታድሶ የወጣ ከሆነ ሳጥኑ ላይ ለራይዘን 5000 ዝግጁ መሆኑን የሚናገር ተለጣፊ ይኖራል፤ እሱን ፈልጌ አጣሁት። ትንሽ ጨምረን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ቢ 550 ወሰድን። ባጀታችን መድማት የጀመረው እዚያ ነው።

ራሙ ጨረሰው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ተተኩሷል፤ ምክንያቱ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ለነዚያ ግዙፍ ዳታ ሴንተሮች የሚሆነው ማስታወሻ የበለጠ ስለሚያተርፍ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ፤ ከሦስቱ ትላልቅ አምራቾች አንዱም ለተራው ሰው የሚሸጥበትን መለያውን እንደሚዘጋ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አስታወቀ። የእህቴ ልጅ ግን ስንት ራም እንደሚበቃን ሌላ ሰው አጥቶ ያንኑ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በስልኩ ጠየቀው። «32 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል» አለን። ራማችንን የበላው እሱ፣ ጨምሩ የሚለንም እሱ! በ16 ጸናን። ያውም ባለ 16 አንዱን ሳይሆን ባለ 8 ሁለት። ባለሱቁ «ያው አይደል እንዴ!» ብሎ ነበር። ያው አይደለም፤ በሆዱ ግራፊክስ የያዘ ፕሮሰሰር የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ነው፤ ሁለት ሆነው በሁለት መስመር ሲቀልቡት ጌም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጥናት ላይ ማለቴ ነው።

ስለ ዋጋ ካነሣን፣ ዋጋ ማወቅ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶው አለ፣ ስፔኩ አለ፣ የሱቁ ፎቅና ቁጥር አለ፤ ዋጋው «በኢንቦክስ» ነው። ኢንቦክስ ሲጻፍ «ይደውሉ» ይላል። ሲደወል «ሱቅ ብቅ ይበሉ» ይላል። ብቅ ሲባል «የትኛውን ነበር? እሱ እንኳ አልቋል» ይላል። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መርካቶ በዚህ ዓይነት ብቅ ብቅ ስንል፣ ቤት ተቀምጠን በንጹሕ ወረቀት ያሰፈርነው ዝርዝር ስርዝ ድልዝ ሆነ። ከዱባይ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ፕሮሰሰር አራት ሴንቲ ሜትር በአራት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለሻንጣ አያስቸግርም። ችግሩ የዱባዩ ዘመዳችን ማንኛውንም አደራ ሲቀበል «ኧረ ምንም አይደል!» የሚል ሰው መሆኑ ነው፤ እንዲህ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሞዴል ይዞ ይመጣል። የጂዋን ነገር በስልክ ላስረዳው ሞክሬ፣ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ሲለኝ ተውኩት።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላይ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር እጣላለሁ። ኬዝ ሲገዛ «ፓወሩ አብሮት ነው» ይባላል። እንደ ምርቃት መሆኑ ነው። ጎኑ ላይ 750 ዋት ተጽፏል፤ በእጄ ባነሣው ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። መቼም ወረቀት የተጻፈበትን ሁሉ ይሸከማል። የኛ ማሽን ካርድ ሳይኖረው ሙሉ ሥራ ላይ 150 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ያስፈለገን የዋት ብዛት ሳይሆን እውነተኛ 450 ዋት ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት በሐቅ የተገኘ ከሆነ፣ ዕቃው በአንድ አምስተኛ፣ በግማሽና በሙሉ ጭነት ላይ ከግድግዳ ከሚስበው ቢያንስ 80 በመቶውን ለማሽኑ ያደርሳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

እኛ ግቢ ግን ትልቁ ፈተና እንጀራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ሦስት ቤት በአንድ መስመር በሚጠቀምበት ግቢ ሁለቱ ምጣድ ከጣዱ አምፖሉ ይደክማል፤ 220 የተባለው ቮልት ምን ላይ እንደሚደርስ የሚያውቀው ስታብላይዘሩ ብቻ ነው፣ እሱም ጣ ጣ እያለ ይናገራል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ብሎ የጻፈው ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ ችሎ ይሠራል፣ ሄዶ የነበረው መብራት እየዘለለ ሲመለስም ቢሞት ብቻውን ነው የሚሞተው። የምርቃቱ ግን ሲሞት ማዘርቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። ሻጩ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «አባቴ፣ ፓወርን እኮ ማንም አያየውም» አለኝ። ለዚህ ነው ርካሽ የሚሸጡት። ባለ 450ውን ለብቻው ገዛሁ፤ የእህቴ ልጅ በዚያ ገንዘብ ስንት ፋን ከነመብራቱ ይገዛ እንደነበር እስከ ቤት ድረስ ሲያሰላ መጣ።

የኬዝ ክርክራችን አጭር ነበር። እሱ የፈለገው ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋን እዚህ ዞሮ ዞሮ የሚገፋው ጥቂት አየር ነው። ደግነቱ ብርዱ ይክሰናል። በዚህ ላይ የፊቱን በር በመስታወት መድፈን ምን ይሉታል? ፊቱ ወንፊት የሆነውን ጥቁር ኬዝ ወሰድን። የበጋው አቧራ በዚያው እንደሚገባ አውቃለሁ፤ አቧራ በብሩሽ ይወጣል።

መግጠሙ ከመግዛቱ ቀለለ። ባለቤቴ መጥታ ፕሮሰሰሩን መዳፌ ላይ አየችውና፣ «ይቺ ናት ያን ሁሉ ብር?» አለች። 1,331 እግር እንዳላት ነገርኳት፤ አንዱም አልገረማት። ባለ አይ ሰቨኑ ባልደረባዬ ቴርማል ፔስት ካጣህ የጥርስ ሳሙና ቀባው ብሎኝ ነበር። የጥርስ ሳሙና እስኪደርቅ ድረስ ይሠራል አሉ፤ ሲደርቅ ግን ፕሮሰሰሩ መጋል ይጀምራል። ደግሞም አላስፈለገንም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር በሳጥኑ የመጣው ፋን ፔስቱ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አበራነው፤ ከኤስኤስዲው ላይ ዊንዶውሱ ሻይ ሳይቀዳ ተነሣ።

«ለመሆኑ በጠቅላላ ስንት ፈጀ?» አለችኝ ባለቤቴ። ለየብቻ መግዛት ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ደረሰኙ ብዙ፣ ቀኑ የተለያየ፣ ግማሹም ደረሰኝ የሌለው ስለሆነ ድምሩን በሐቀኝነት «አላውቀውም» ማለት ይቻላል። የቀረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባዶዋን የግራፊክስ ካርድ ቦታ በስልኩ ባትሪ እያበራ ሲያያት አገኘሁት። «ጋሼ፣ ካርዷስ?» አለኝ። «ለፋሲካ» አልኩት። የስንት ዓመተ ምሕረት ፋሲካ እንደሆነ አልተነጋገርንም።