ሳይታዘዝ ሮጦ የሚገባውን ለመግታት የወጣ የክተት አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ለተቀመጠው አሰማ!

እኛ፣ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጨዋታ፣ በአዜሮት ምድር የምንዘምት የአምስት ሰው ጭፍራ አለቃ፣ ምርኮ አከፋፋይ፣ የሁሉንም ማይክ የመዝጋት ሥልጣን የተሰጠን፦

ከትልቁ ዘንዶ ይልቅ መንገድ ላይ ተሰብስበው የቆሙ አራት ተራ ዘበኞች ደጋግመው ስለ ፈጁን፤ የፈጁንም በርትተው ሳይሆን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ስለ ቀሰቀስናቸው መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ቪዲዮው የተሰራጨው ሊሮይ ጄንኪንስ የተባለ ፓላዲን፣ ጓዶቹ በላይኛው ብላክሮክ ስፓየር ቆመው የመትረፍ ዕድላቸውን 32.33 በመቶ ብለው ሲያሰሉ፣ የገዛ ስሙን እየፎከረ ዘንዶ የሚፈለፈልበት ክፍል ዘልቆ ጭፍራውን ስላስጨረሰ (ነገሩ ተቀነባብሮ የተሠራ ቀልድ ነው ይባላል፤ የእኛ ሰዎች ግን ሳይቀነባበር ያደርጉታል)፤ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ ስለ ሹመት። ታንኩ ፊታውራሪ ነው፤ ቀድሞ የሚመታውም ምቱን የሚቀበለውም እርሱ ነው። ሂለሩ ወጌሻ ነው። የቀራችሁት ሦስታችሁ፣ ሜጅ፣ ዋርሎክና ሮግ፣ ገዳዮች ናችሁ፤ አሳቢዎች አይደላችሁም።

አንቀጽ 2፤ ስለ ራስ ቅል። የራስ ቅል ምልክት የተደረገበት ጠላት መጀመሪያ ይሞታል፤ መስቀል ያለበት ይከተላል። ሞቱ የቀረበ ጠላት ልክ እንደ ጤነኛው ስለሚመታ፣ አራቱን እኩል ያቆሰለ ጭፍራ አሁንም በአራት ሰይፍ ይመታል። አንዱን የገደለ ግን በሦስት። ይህ ሒሳብ ያልገባው ዘማች የሚመታውን መርጦ እንዲመታ አልተፈቀደለትም፤ ፊታውራሪው የመታውን ይምታ።

አንቀጽ 3፤ ስለ በግ። ጨረቃ የተደረገበትን ጠላት ሜጁ በድግምት በግ ያደርገዋል። በጉ የጭፍራው ንብረት ነው። አንዲት ምት ስታርፍበት ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ በግ ሆኖ በቆየበት ጊዜም ቁስሉ ቶሎ ስለሚሽር፣ ያቆሰልከውን በግ አድርጎ ማቆየት ጠላትን መቀለብ ነው። አንድ ሜጅ የሚይዘው አንድ በግ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሲጨምር የፊተኛው ሰይፉን ይዞ ይነሣል። በበጉ ዙሪያ እሳት ማዝነብ ፈጽሞ ክልክል ነው። በዓል መስሎኝ ነው የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 4፤ ስለ አግሮ። ጠላት የሚዞረው ይበልጥ ወዳስቆጣው ነው። አጠገቡ ሆነህ የምትመታ ከፊታውራሪው ቁጣ 110 በመቶ ስታልፍ፣ ከሩቅ የምትወረውር 130 በመቶ ስታልፍ፣ ያ ሁሉ ጥርስ ወዳንተ ይዞራል። በመሆኑም ፊታውራሪው ጥቂት እስኪመታ ድረስ እጅህን ሰብስብ። የወጌሻውም ፈውስ ያስቆጣል፤ ቁጣው ደግሞ በተነሡት ጠላቶች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። ስለዚህ ፊታውራሪው ያልነካውን ጠላት አንተ ስትቀሰቅስ ተገዳዩ አንተ አይደለህም፤ ጥግ ላይ ቆሞ ቁስልህን የሚያክመው ምስኪን ነው። ከሞተ በኋላ «ሂል የት አለ?» ብሎ መጮህ በዚህ አዋጅ ወንጀል ተደርጓል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ማዕዘን። ፊታውራሪው ቀስት ሰዶ ወደ ግድግዳው ጀርባ ሲሸሽ አብረህ ሽሽ። ፈርቶ አይደለም። ድግምተኞች ካላዩን መድገም ስለማይችሉ በእግራቸው መጥተው ከጎራዴ አንጋቾቹ ጋር ይከማቻሉ። ሜዳ ላይ ቀርቶ የጀግና ሐውልት መስሎ የቆመ፣ ድግምቱን ብቻውን ይቀበል።

ዋርሎክ ሆይ፣ ላንተ የተለየ አንቀጽ አላወጣንም፤ ነገር ግን በፍርሃት ድግምት የምታባርረው ጠላት የሚሮጠው ወደ ጎረቤቶቹ ነው፤ ብቻውንም አይመለስም።

አንቀጽ 6፤ ስለ ቅጣት። ሳይታዘዝ ገብቶ የሞተን ወጌሻው አያስነሣውም፤ መንፈሱ ከመቃብር ስፍራ በእግሩ ሬሳውን ፍለጋ ይምጣ። በምርኮ ዕጣ ከ1 እስከ 100 ስንጥል 100 ቢወጣለትም ለእርሱ እንደ 1 ይቆጠራል። ኔት ተቆርጦብኝ ነው የሚል፣ ኔቱ እንዴት ሩጫውን ከጀመረ በኋላ ብቻ እንደ ተቆረጠ ያስረዳል።

ብሊዛርድ የተባለው ሠሪ ኩባንያ፣ ሊሮይ በገባበት በዚያው ክፍል 50 የዘንዶ ጫጩት በ15 ሰከንድ ለፈጀ ተጫዋች «ጄንኪንስ» የሚል ማዕረግ ማዘጋጀቱን በሐዘን ተመልክተናል። እንዲህ ያለ ማዕረግ በጭፍራችን አይታወቅም፤ ማዕረጉን ለብሶ የመጣም ደጅ ይቆማል።

አንቀጽ 7፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ይህ አዋጅ የወጌሻው ማና፣ ማለትም የድግምት ኃይሉ፣ ሲሞላ ይጸናል። አሁን ቁጭ ብሎ ሜጁ የፈጠረለትን ውኃ እየጠጣ ነው፤ ግማሽ ደርሷል። እስከዚያ የማንም ጣት ቁልፍ ላይ እንዳይገኝ። አንተንም ነው፣ ሮጉ፤ ተሰውረሃል ማለት አናይህም ማለት አይደለም።