የዱመርሶ ጭቃ

ጌዴኦ ድረስ የሚመጣ ተመራማሪ ሁሉ ቡናና እንሰት አጥንቶ ይመለሳል። ጭቃውን ዞር ብሎ ያየው የለም፤ ግፍ ነው። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው አስፋልት ዱመርሶ የደረሰ ሰው፣ መንገድ ዳር የቆመች ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ዋጋዋ ስንት እንደሆነ ደላላ ይጠይቅ። መልሱ ከሚሊዮን ይጀምራል። በዚያው አፈር፣ በዚያው ጭድ፣ በዚያው አናጢ እጅ የተሠራች እህቷ ደግሞ ግማሽ ሰዓት በእግር ወደ ውስጥ ገብታ ቆማለች። እሷን ብሎ የመጣ ገዢ የለም፤ ባለቤቷም መንገደኛ ሲያይ "ቡና ጠጡና ሂዱ" ይላል እንጂ ዋጋ አይጠራም። ጉዳዩን የዲላ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህራን እንዲይዙት በትሕትና አመለክታለሁ። የጌዴኦ ጭቃ አስፋልት ሲሸተው ምን ይሆናል?

ጭቃው ነው የምለው በምክንያት ነው። መሬትማ አይሸጥም። ደርግ በ1967 የገጠሩን በየካቲት፣ የከተማውን በሐምሌ የመንግሥት አደረገው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው ብሎ አጸናው። የጌዴኦ ገበሬዎች ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቀደም ብለው በ1952 ሚጭሌ ላይ ከባለርስቶቹ ጋር ደም ተፋሰዋል። በመሬት ነገር ቀልድ የማያውቅ አገር ነው። ስለዚህ ሻጩም ገዢውም ደላላውም ሕግ አክባሪ ናቸውና መሬት የሚባል ነገር ካፋቸው አይወጣም። የሚሸጠው ቤት ብቻ ነው። ውሉ ግድግዳውን፣ ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ጓሮ ያለውን መጸዳጃ ሳይቀር ይዘረዝራል፤ እማኞች ይፈርሙበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ጭቃ ተሸጠ ካለ የተሸጠው ጭቃ ነው።

ደላሎቻችን ርቀትን በሜትር አይለኩም። "አስፋልት ዳር" አለ፤ "ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ" አለ፤ "ለአስፋልት ቅርብ" አለ፣ ይህኛው ባጃጅ የሚያስፈልገው ነው። ከሁሉ የሚከብረው ግን አራተኛው፣ "አስፋልት ሊገባለት ነው" የሚባለው ነው። ያለ መንገድ ጉድጓድ አያጣውም፣ አቧራ አያጣውም፣ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ከባድ መኪና ሌሊቱን ሲያጓራበት ያድራል። ሊመጣ ያለ መንገድ ግን እንከን የለበትም። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ አንድ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ከሰዓት በኋላ የአካባቢው ጭቃ ይወደዳል። ሰውየው ለውኃ ቧንቧ ይሁን ለመብራት ምሰሶ የመጣው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የሞጆ–ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ ስሙ እንደሚናገረው መጨረሻው ሀዋሳ ነው፤ ከዚያ ዲላ ለመግባት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ይህ ለሾፌር ችግር ይሆናል እንጂ ለደላላ አይደለም። "ጋሼ፣ የፍጥነት መንገዱ እኮ እየመጣ ነው!" መንገዱ በመንገድ ላይ ሳለ ዋጋው ዱመርሶ ገብቶ አድሯል።

በዚህ ሙያ ቀዳሚዋ አዲስ አበባ ናት። ቀላል ባቡሩ በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር፣ ጣቢያው ቤት ሻጭ ሁሉ የሚጠራው ስም ሆነ። ዛሬ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል። አብሯቸው የተሳፈረው የቤት ዋጋ ግን መለዋወጫ የማይፈልግ ነውና እስካሁን ይጓዛል።

ሆንግ ኮንግ የሚኖሩ ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል። እዚያም መሬት፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በቀር፣ የመንግሥት ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? የባቡር ድርጅታቸው በጣቢያዎቹ ዙሪያና አናት ላይ የመገንባት መብት ከመንግሥት ይገዛል፤ ሂሳቡም ባቡሩ ባይኖር ኖሮ ቦታው በሚያወጣው ዋጋ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ዋጋው ይጨምራል፣ ጭማሪውም ባቡሩን ለመሥራት ይውላል። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! ጭማሪው ሁሉ ወደ ሐዲዱ ከተመለሰ ደላላ ምን ይበላል? እኛ ዘንድ መንገዱ በሕዝብ ገንዘብ ይሠራል፣ መሬቱ የሕዝብ ነው፣ ትርፉ ግን ከሕዝቡ መካከል ወሬውን ቀድሞ ለሰማው ይሰጣል። እሱም ሕዝብ ነው እኮ።

ጭቃው አንድ ደካማ ጎን አለው፤ የመንግሥት ሰው ሲያየው ይደነግጣል። መንገዱ ይስፋ ተብሎ በግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት የተቀባ ቀን፣ ትናንት በሚሊዮን ሲጠራ የነበረው ቤት ወደ ትውልድ ስሙ ይመለሳል። ገማቹ ማገር ይቆጥራል፣ ቆርቆሮ ይቆጥራል፣ ሚስማር ይገምታል። የአስፋልቱ ሽታ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ገበሬው ይዞታውን ለዘለቄታው ለቆ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካጣ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ይከፍለዋል፤ የ2016ቱ ማሻሻያ ደግሞ መንገዱ የፌዴራል ቢሆንም ካሳውን ክልሉ ይቻለው ብሏል። ስለዚህ አንድ ግድግዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዋጋ ይኖረዋል። ለደላላ ከሆነ ቦታው ይከፈልበታል፤ ለመንገድ ከሆነ ጭቃ ጭቃ ነው። ገበሬውም ሞኝ አይደለም፤ ገማች ሊመጣ ነው ሲባል አንዳንዱ ጓሮ በአንድ ሌሊት የቡና ችግኝ በቡና ችግኝ ይሆናል። እንግዲህ የሕጉን ፍልስፍና ገብቶታል ማለት ነው።

መስከረም 2016 ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ቡናው በእንሰቱ መካከል፣ ሁለቱም በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ ቤቱም መሐላቸው ሆኖ ስንት ትውልድ መኖሩ ነው ያስከበረው። ደላላው ይህንንም ሰምቷል። "ቪው አለው" የሚል አዲስ መስመር በማስታወቂያው ላይ ጨምሯል። ቪው የሚባለው ዋንዛው ነው፤ ዋንዛው ደግሞ ለሱቁ ፊት መታየት እንቅፋት ስለሆነ ከርክክቡ በኋላ ይቆረጣል።

የርክክቡም ሥነ ሥርዓት ደስ ይላል። ገዢው ገንዘቡን ይቆጥራል፣ እማኞች ይፈርማሉ፣ ደላላው ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ይቀበላል፣ ምርቃት ይወርዳል። በማግስቱ ገዢው አራት ወጣቶችና ዶማ ይዞ ይመጣና በውሉ ላይ አንድ በአንድ የተዘረዘረውን፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የከፈለበትን ግድግዳ እስከ ምሳ ሰዓት ያፈርሰዋል። ፍርስራሹም በጋሪ ተጭኖ አስፋልት ሊገባለት ነው በተባለው የውስጥ መንገድ ጉድጓድ ላይ ይደፋል።