የባልና ሚስት የዕረፍት ጉዞ፣ የሪዞርት አዳርና የገበታ ሥርዓት አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሰምተህ «ስትመለሱ ምን ታመጡልናላችሁ?» የምትል ግን ባትሰማ ይሻልሃል።

አዋጅ ቁጥር 1/2017

ባልና ሚስት ለዕረፍት ወጥተው ከወጡበት ጊዜ ይልቅ ደክመው መመለሳቸው በየዓመቱ እየተረጋገጠ በመምጣቱ፤

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ቀናቱ በየትኛው ወገን ዘመድ ቤት እንደሚያልቁ ሳይደነግግ በማለፉ፤

አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት አድርገው ለዓለም ቢያስተዋውቋትም፣ የዚህ ቤት ፈቃድ ሁልጊዜ የሚገጥመው ከዝናቡ ጋር በመሆኑ፤

የወጣው የዕቁብ ገንዘብ ለጣሪያ ቆርቆሮ ይዋል ወይስ ለላንጋኖና ለሐዋሳ በሚለው አጀንዳ ላይ ሁለት አባላት ያሉት ምክር ቤት በአንድ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጉዞውን በአብላጫ ድምፅ በማጽደቁ (ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚል ሰው ያላገባ ነው)፤

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት እንዲከባበሩና እንዲደጋገፉ የተጣለባቸው ግዴታ መኪና ውስጥ፣ በተለይም ከሞጆ ወዲያ፣ ለአፈጻጸም አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የዕረፍት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ጠብ ላይ ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሪዞርት» ማለት የአንድ ሌሊት ዋጋው ለዘመድ ሲነገር በግማሽ የሚቀነስ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ ሲነገር ደግሞ እጥፍ የሚሆን ማደሪያ ነው። በሴት ፆታ የተገለጸው የወንድንም ይጨምራል፤ በወንድ ፆታ የተገለጸ ጥፋት ግን ወንዱን ብቻ ይመለከታል።

አንቀጽ 3። ስለ መነሻ ሰዓት

ጉዞው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀመራል። ይህ ሰዓት ለክብር ሲባል የተቀመጠ ሲሆን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከግቢ መውጣት በታሪክ አልተመዘገበም። ባል ሞተር አስነሥቶ ጥሩምባ እየነፋ «እኔ እኮ ከተዘጋጀሁ ቆየሁ» ያለ እንደሆነ፣ ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ያላደረሰ፣ የውኃ ቆጣሪውን ያልዘጋ፣ ሲሊንደሩን ያላጠፋ፣ ለዘበኛው አደራ ያልሰጠ ሆኖ ይገመታል። ግምቱን ማስተባበል ይቻላል፤ እስካሁን የተሳካለት የለም።

አንቀጽ 4። ስለ መስኮት

የመኪና መስኮት በስምምነት ይከፈታል። ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን በአንድ ጊዜ መክፈት ነፋስ ስለሚያስገባ፣ ነፋሱም ስለሚመታ፣ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ለዚህ ክልከላ የሐኪም ማስረጃ አይጠየቅም፤ የሁለቱም እናቶች ምስክርነት በቂ ነው። ባል በበኩሉ «ኤሲ ነዳጅ ይበላል» የሚለውን መከራከሪያ የማቅረብ መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ስለዚህ ከፈጣኑ መንገድ ወጥተው፣ መቂን አልፈው፣ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት መምጣት ሲጀምር ሁለቱም ወገኖች መብታቸውን ሙሉ በሙሉ አስከብረው፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ባቱ ሲደርሱ ሸሚዛቸው ይጨመቃል።

አንቀጽ 5። በመንገድ ላይ ስላሉ ዘመዶች

መንገድ ላይ ያለ ዘመድ አይጎበኝም። የዚህ ድንጋጌ ጠቅላላ አነጋገር ቢኖርም፣ ሻሸመኔ ያሉት የሚስት አክስት ሳይጎበኙ አይታለፍም።

ጉብኝቱ «ከመኪና ሳንወርድ ሰላም ብለን» በሚል ስምምነት ይፈጸማል። ስምምነቱ የሚፈርሰው አክስት ነጠላቸውን እያጣፉ በር ላይ ብቅ ብለው፣ «ደጄ ድረስ መጥታችሁ እህል ሳትቀምሱ? ምን በድያችሁ ነው የእኔ ልጅ?» ባሉ ጊዜ ነው። ጥያቄው መልስ የለውም። መልስ በመፈለግ ላይ ሳሉ ከጓሮ የዶሮ ጩኸት ይሰማል። ዶሮ ከጮኸ በኋላ መሄድ ነውር ነው፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በደንብ እስኪቁላላ የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳጥር ሕግ ደግሞ በዚህም ሆነ በሌላ ምክር ቤት አልወጣም። ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል። ባል በአቦል ሰዓቱን ያያል፣ በቶና ለሚስቱ በዓይኑ ይጠቅሳል፣ ሚስት አላየሁም ትላለች። በረካ ሳይጠጣ የተነሣ ሰው ምርቃቱ ያመልጠዋል፤ ያለ ምርቃት መንገድ መግባትን ደግሞ ይህ አዋጅ አይደግፍም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሐዋሳ ላይ ሒሳቡ ቀድሞ የተከፈለበት፣ ሐይቅ የሚያይ በረንዳ ያለው ክፍል፣ ብቻውን ሐይቁን ሲያይ ይመሻል። ተመላሽ ገንዘብ አይጠየቅበትም። አክስት «ለመንገዳችሁ» ብለው የሚያሸክሙትን ሌላ ሕያው ዶሮ በተመለከተ የሪዞርቱ ጥበቃ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 6። ስለ ላንጋኖ

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው። ከውኃው ጋር ከተቀላቀለው ደለል የመጣ ቀለም እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ እንዲያውም ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ከብዙ ሐይቆች ይልቅ ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው። ስለዚህ ነጭ የዋና ልብስ ገዝቶ መጥቶ አስተናጋጆችን በጥያቄ ማፋጠጥ ክልክል ነው።

ሱሪን እስከ ጉልበት ጠቅልሎ ውኃ ዳር መቆም እንደ ዋና አይቆጠርም። ዋና የማይችል ባል «ይበርዳል» ብሎ ዳር መቅረት ይችላል፤ ሚስት ዋና ችላ ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ከአሸዋው ላይ ሆኖ «አትራቂ! አትራቂ አልኩሽ!» እያለ ሊጮኽ አይገባም። ሊያድን የማይችል ሰው የማዘዝ ሥልጣን የለውም።

አንቀጽ 7። ስለ ቁርስ ቡፌ

ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይቀርባል። ከ4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሶ የሦስት ሰዓቱን መብት በአንድ ሳህን ለማስከበር መሞከር ያስቀጣል።

«ተከፍሎበታል» የሚለው መርሕ በዚህ አዋጅ ተገድቧል። ምክንያቱን ለማስረዳት የባልን ሳህን መግለጽ ያስፈልጋል፦ ከሥር ጨጨብሳ፣ በላዩ የእንቁላል ፍርፍር፣ ጎኑ ላይ የእንጀራ ፍርፍር፣ ፍርፍሩን እንደ ግድብ የያዘ ክሮሳን፣ ግድቡ በተሰበረበት በኩል ደግሞ በርበሬ የነካው የፓፓያ ቁራጭ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ገንፎ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ነበራቸው።

ሚስትም ከተጠያቂነት ነፃ አይደለችም። የእጅ ቦርሳ የእጅ ቦርሳ ነው፤ ጎተራ አይደለም። በሶፍት የተጠቀለሉ ሁለት ቅቅል እንቁላሎች፣ የማር እሽጎችና ከክፍል የተሰበሰቡት ሻምፑዎች በአንድ ኪስ ሲቀመጡ የሚያስከትሉት ነገር ተገምግሞ፣ ከእንግዲህ ሻምፑ ለብቻው እንዲጓጓዝ ተወስኗል።

አንቀጽ 8። ስለ ዓሣና ስለ ጾም

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ጉዞው በሐምሌ ይደረጋል። በሐምሌም ረቡዕና ዓርብ እንዳሉ ምክር ቤቱ የተገነዘበው ዓርብ ጠዋት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ከደረሱ በኋላ ነው።

አሞራ ገደል ጀልባዎቹ የሌሊቱን ዓሣ አራግፈዋል። ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ቆሮሶውን እየበለቱ፣ ከኋላቸው አባ ኮዳዎቹ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ ጡረታቸው እንዳልተከፈለ ሽማግሌዎች ተራ ይጠብቃሉ። አንድ አንጀት ሲወረወር ሽምግልናው ይቀራል። ጦጣዎቹ ደግሞ ዛፍ ላይ ሆነው የማንን ዳቦ እንደሚነጥቁ ይመርጣሉ። የዓሣ ሾርባው በትልቅ ድስት ይፈላል፤ ሽታው ሰውን ከሩቅ ይጠራል።

ባል ዓሣ ጾም ነው አለ። ሚስት አይደለም አለች። ባል ሐዋርያቱ ዓሣ አጥማጆች እንደነበሩ አስረዳ። ሚስት መረባቸውን ጥለው እንደተከተሉ አስታወሰችው። በዚህ ክርክር ላይ ምክር ቤቱ ሥልጣን ስለሌለው ጉዳዩ ለንስሐ አባት ተመርቷል፤ አባ ስልክ ያላነሡ እንደሆነ ዝምታቸው እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ሚስት ሽሮ ታዛለች፤ ባልም ሙሉ ዓሣ ጥብስ፣ በቢላ የተተለተለ፣ ጠርዙ የደረቀ፣ ከዳጣ ጋር፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ይበላል። እሾህ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ እንደሆነ ሚስት «አላልኩህም?» ከማለቷ በፊት ዳቦ የማቀበል ግዴታ አለባት። ቅደም ተከተሉ ይከበር።

አንቀጽ 9። ስለ ሒሳብና ስለ ቲፕ

ሜኑ ላይ 1000 ብር የተጻፈ ምግብ የ10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብበት 1265 ብር ይሆናል። ባል ይህን ስሌት በሆዱ እየሠራ ሚስቱን «ደስ ያለሽን እዘዢ» ሊላት አይችልም። ፊቱ ይመሰክርበታል።

ቲፕ በተመለከተ ጉዳዩ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ከ100 ብር የሚበልጥ የጋራ ገንዘብ በስጦታ ለመስጠት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ ሲወጣ 100 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን በሕጉ መሠረት ለአስተናጋጅ 150 ብር ለመተው ጠረጴዛ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ መጥራት ሊያስፈልግ ነው፤ አስተናጋጁም ትሪውን ይዞ እንደ ታዛቢ ይቆማል። ባል ለሰው ፊት ብሎ የሚረጭ፣ ሚስት ለነገ ብላ የምትቆጥብ ናት የሚል አስተያየት ከባል ወገን ቀርቦ ውድቅ ተደርጓል፤ አስተናጋጁን ስሙን ጠይቃ በስሙ የጠራችው እሷ ብቻ መሆኗ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ምግብ ቤት ውስጥ ከድሮ ጓደኛ ጋር ሲገናኙ «በእናትህ እኔ ልክፈል» የሚለው ትግል ቢበዛ ሦስት ዙር ይካሄዳል። በሦስተኛው ዙር መሸነፍ አይከለከልም።

አንቀጽ 10። ስለ ፎቶ

ባል ሪዞርት ውስጥ ሆኖ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ከመልቀቁ በፊት ባለፈው ወር ለአጎቱ ልጅ ሠርግ መዋጮ ሲጠየቅ «እጄ ላይ ሰባራ ሳንቲም የለም» ማለቱን ያስታውሳል። መዋኛ ገንዳ፣ ጃኩዚና በጃንጥላ ያጌጠ የጁስ ብርጭቆ የሚታይበት ፎቶ እንደ ማስረጃ ያገለግላል። የአጎቱ ልጅ «ላይክ» ካደረገ ጉዳዩ አብቅቷል፤ ባል ሠርጉ ላይ ሚዜ ይሆናል፤ ሱፉንም ራሱ ይገዛል።

አንቀጽ 11። ስለ ዕድር

የዕድር ጥሪ ከመጣ ጉዞው ይቋረጣል። ይህ አንቀጽ ልዩ ሁኔታ የለውም።

አንቀጽ 12። ስለ ሁለት ሰዓት

ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባልና ሚስት ስልካቸውን አጥፍተው ሐይቁ ዳር ብቻቸውን ይቀመጣሉ። በእነዚህ ሰዓታት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የሮቶው መፍሰስና የማንም ወገን እናት የደም ግፊት አይነሣም።

ረቂቁ ለውይይት በቀረበ ጊዜ «ታዲያ ምን እናወራለን?» የሚለው ጥያቄ ከሁለቱም አባላት በአንድ ድምፅ ተነሥቷል። ይህም ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ የተስማማበት ብቸኛ ነጥብ ነው። አርቃቂው እንደሚያምነው የአዋጁ ዋና ጉዳይ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ የቀሩት አንቀጾች ከዚህ ለመሸሽ የተጻፉ ይመስላሉ። ያም ሆኖ መልስ ስላልተገኘ አንቀጹ ባለበት ጸድቆ ዝርዝሩ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ እንዲወሰን ተወስኗል። ለሙከራ ያህል ሚስት ባሏን መጀመሪያ የተያዩበትን ካፌ ስም ጠይቃው፣ ባል የሌላ ካፌ ስም ተናግሮ፣ ውይይቱ ከተያዘለት ሰዓት በላይ በከፍተኛ ተሳትፎ ቀጥሏል።

አንቀጽ 13። ስለ መልስ ጭነት

ከሪዞርት ሲመለሱ የመኪናው የኋላ ኮፈን የአትክልት ተራ መጋዘን አይሆንም። ሆኖም ከመንገድ ዳር «ከአዲስ አበባ በግማሽ ዋጋ» የተገዛ አንድ ሣጥን ቲማቲም፣ አንድ ኬሻ ሽንኩርትና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይፈቀዳል። ከሰሉ ከቲማቲሙ በላይ አይጫንም። የሽንኩርቱ ትርፍ የጉዞውን ወጪ ሸፍኗል የሚል ሪፖርት ለጎረቤት ማቅረብ የተከለከለ ነው፤ ማንም አላመነም።

አንቀጽ 14። ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ ተጋቢ፣ «ምን ሆንሽ?» ወይም «ምን ሆንክ?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር «ምንም» የሚል መልስ ከሐዋሳ እስከ ሞጆ በማግኘት ይቀጣል። ጥፋቱ ከተደጋገመ ቅጣቱ እስከ ቃሊቲ ሊራዘም ይችላል።

አንቀጽ 15። የተሻሩ ሕጎች

«አባቴ እኮ እናቴን አንድ ቀን ሪዞርት ወስዷት አያውቅም፤ ግን ተዋደው ኖሩ» የሚለው ልማዳዊ አሠራር በዚህ አዋጅ ተሽሯል። እናቱም ሲጠየቁ «ማን ጠየቀኝ?» ብለዋል።

አንቀጽ 16። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ባል መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ፍሬኑን ካስታየበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። «ነገ አስታያለሁ» ያለበት ቀን እንዳስታየበት ቀን አይቆጠርም።

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ሚስት፦ አፈ ጉባኤ፣ የፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ (ፈርማለች)

ባል፦ ሹፌር (አክስት ዘንድ ስለ መግባት በሚለው አንቀጽ ላይ የልዩነት ሐሳቡን አስመዝግቦ ፈርሟል)