የወፍ ጎጆ በግቢ ውስጥ፦ አጥቂዎቹና ጠባቂዎቹ

አጥር ያለው የአዲስ አበባ ግቢ ሦስት ዓይነት ነዋሪዎች አሉት፤ ኪራይ የሚከፍሉ፣ ኪራይ የሚቀበሉና ከሁለቱም ጋር ውል የሌላቸው ወፎች። ያለ ካርታና ያለ ግንባታ ፈቃድ ጎጆ መሥራት የቻለው ሦስተኛው ወገን ብቻ ነው።

የግንባታው ደረጃ እንደ ወፉ ዓይነት ይለያያል። ሸማኔ ወፍ ሣርና የቅጠል ስንጣቂ እየፈተለ ቤቱን ከቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ መግቢያውንም ወደ ታች ያዞረዋል። ድመት እዚያ ለመድረስ ከፈለገች ከቅርንጫፉ ጋር አብራ ለመውረድ መዘጋጀት አለባት። በአንዳንድ የሸማኔ ወፍ ዝርያዎች ወንዱ ሠርቶ ሴቷ ትመረምራለች፤ ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ያለ የጥራት ቁጥጥር በአካባቢው ባሉ ሌሎች ግንባታዎች ላይ እስካሁን አልታየም። ዋኖስ በአንጻሩ ጥቂት ጭራሮ አነባብራ ሥራው ተጠናቀቀ ትላለች፤ ከሥር ሆኖ ላንጋጠጠ ሰው እንቁላሎቹ በጭራሮው መሐል ይታያሉ። ላንጋጠጠች ድመትም እንዲሁ። ድንቢጥ ደግሞ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ትገባለች፤ ክፍተቱን የተወላት ግንበኛ ነው።

ጥበቃ የሚገባው ወፍ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ሸማኔ ወፍና ግሪሳ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ማሽላ ላይ የሰፈረው ዘመድ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጭበታል፤ በከተማው ግቢ ያለው ግን «ቀስ በሉ፣ እንዳትደነግጥ» ይባልለታል። መለያው ዘር ሳይሆን አድራሻ ነው።

ከአጥቂዎቹ መካከል ቁራ፣ ጭላት፣ አይጥና ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይጠቀሳሉ። የመጨረሻው ትምህርት ቤት ሲከፈት ይቀንሳል። ሰፊ ጥናት የሚገባት ግን ድመት ናት። ድመት በግቢው የተቀጠረችው በአይጥ መደብ ነው፤ ወፍ የምትይዘው በትርፍ ሰዓቷ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፎች እንደሚገድሉ ገምቷል፤ አብዛኛውን የሚገድሉት ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ግን የባለቤትነት ጥያቄ የሚወሰነው በድርጊቱ ነው። አይጥ የያዘች ድመት የቤቱ ናት፤ ዋኖስ የያዘች ድመት የጎረቤት ናት። ድመቷ አንድ መሆኗ ውሳኔውን አይለውጠውም።

በ2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ በ355 ድመቶች ላይ የተደረገ ጥናት መፍትሔዎቹን አንድ በአንድ ፈትሿል። አንገት ላይ የሚታሰር ቃጭል፣ ሰው ሁሉ የሚተማመንበት ዘዴ፣ ይህ ነው የሚባል ውጤት አላሳየም። ደማቅ ቀለም ያለው የጨርቅ የአንገት ሽፋን ወደ ቤት የሚመጡትን ወፎች በ42 በመቶ ቀንሷል፤ አይጥ ላይ ለውጥ ስላላመጣ ለአሠሪውም ቅሬታ አይፈጥርም። ከድመት ጋር በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጫወት ታዳኞቹን በ25 በመቶ፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ ደግሞ በ36 በመቶ ቀንሷል።

የእነዚህ ውጤቶች አተገባበር በአገር ውስጥ ጥቂት እንቅፋት አለበት። የጨዋታውን ኃላፊነት ማን እንደሚወስድ አልተወሰነም፤ ዘበኛው በውሉ ውስጥ የለም ይላል። ሥጋውን በተመለከተ፣ በጿሚ ቤት ድመቷም ሳትጠየቅ ጿሚ ናት። የዓቢይ ጾም 55 ቀን በሽሮ ፍትፍት ይዘለቃል ተብሎ ይጠበቃል። ለፋሲካ ሌሊት ግን ድመቷ አትጠብቅም፤ የምትገድፈው ዋኖሷ ካለችበት ዛፍ ላይ ነው።

ዛፉን በለስላሳ ቆርቆሮ መጠቅለል የታወቀ መከላከያ ነው። ቆርቆሮው ድመት ከመሬት ዘላ ከምትደርስበት በላይ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መጨረስ፣ ዛፉም ከሌላ መወጣጫ መራቅ አለበት። በተግባር ሲታይ ግን የግቢው አቮካዶ በሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተደግፏል። ቆርቆሮው ሲታሰር ድመቷ ጣሪያው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሥራውን ትከታተላለች። ሲያልቅ ተንጠራርታ ትነሣና፣ አንድ ጊዜ ታዛጋና፣ ወደ ቅርንጫፉ ትሻገራለች። እሾሃማ ቡጋንቪላ ከዚህ ይሻላል፤ ወጪም የለውም።

በጎጆ ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች አንዱ ራሱ ጠባቂው ነው። ጎጆ የተገኘ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ይጎበኘዋል፤ በማግስቱ እንግዳ ይጋበዛል፤ ወንበር ይቀርባል፤ ስልክ ይወጣል። ዋኖሷ በተነሣች ቁጥር እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ፤ አጥር ላይ የቆመው ቁራም የሰዎቹን ጣት ተከትሎ ያያል። የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚለው ወሬ በአብዛኛው ስሕተት ነው። እናትን የሚያሸሻት ሽታ ሳይሆን ጉብኝት ነው።

ጫጩት ላባ አውጥቶ ከጎጆ ሲወርድ፣ ገና ሳይበር መሬት ላይ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ የሚቆይባቸው ቀናት አሉ። ወላጆቹ እዚያው ያበሉታል። የተለመደው እርዳታ ግን ጫጩቱን በጫማ ካርቶን አስገብቶ ወተት የነካ ዳቦ ማጉረስ ነው፤ ወተት የወፍ ምግብ አይደለም። ትክክለኛው አያያዝ አጭር ነው፤ ጫጩቱን በቅርብ ባለ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥ፣ ዞር ማለትና ድመቷን ለጥቂት ቀናት ኩሽና ውስጥ መዝጋት።

ድመቷ በተዘጋችባቸው ቀናት አይጦች ወደ ዛፉ ሊወጡ ይችላሉ፤ እንቁላልም ጫጩትም ይበላሉ። ስለዚህ እህል ያለበት ማዳበሪያ ሁሉ አስቀድሞ ከሰርቪስ ቤቱ መነሣት አለበት። ይህ ሥራ ከሦስት ዓመት በፊት ታቅዷል።