«ኧረ» የምትባል አገር

ኮርክ ለሚኖር ጓደኛዬ ሁለት ኪሎ በርበሬና ሦስት ኪሎ ሽሮ ልልክ አንድ ዕቃ ላኪ ቢሮ ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ፌስታሉን መዘነች፣ አሸተተች፣ ሁለቴ አስነጠሰች፤ ከዚያ ጣቶቿን ኮምፒዩተሩ ላይ ዘርግታ «ጋሼ፣ ወዴት አገር ነው?» አለችኝ።

«አየርላንድ።»

«አይስላንድ?»

«የለም፣ አየርላንድ። እንደ አየር።»

«በአየር መሄዱንማ አውቃለሁ። አገሩን ነው የጠየቅሁዎት።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከኢራቅ ዝቅ ብሎ አንድ «አየርላንድ» አለ፤ ብዙ ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ «የአየርላንድ ሪፐብሊክ» የሚል ሌላ ብቻውን ቆሟል። የትኛው ነው? እኔ ምን አውቄ! ለጓደኛዬ በዋትስአፕ ደወልኩለት። እሱ ደግሞ ሦስት ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ሁሉ ስለሚኖርበት አገር እንደሚራቀቀው፣ «ፓስፖርታቸው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ኤረ ነው፤ ኤረ በላት» አለኝ።

«ኤረ ነው ይላል» አልኳት።

«ኧረ ምን?»

«ኧረ አይደለም፣ ኤረ።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ከሁለቱ አንዱን መርጣ፣ ሌላውን ደግሞ ለሁሉም ይሁን ብላ በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ጻፈችበት። እኔም አስቤው የማላውቀውን ነገር እያሰብኩ ወጣሁ፤ ከአምስትና ስድስት ሚሊዮን ያልበለጠ ሰው የሚኖርባት አገር በስንት ስም ትጠራለች?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለአየርላንድ የተመደበው መልአክ ግን ጉዳዩን ለኮሚቴ የመራው ይመስላል። በአፈ ታሪካቸው ኤሪዩ፣ ባንባና ፎድላ የተባሉ ሦስት እህትማማች አማልክት ደሴቲቱን ሊይዙ ለመጡት ሰዎች በየተራ ብቅ እያሉ «አገሪቱን በእኔ ስም ጥሩልኝ» ብለው ለመኑ። መጤዎቹም ፖለቲካ ያውቁ ነበርና ለሦስቱም እሺ አሉ። የጸናው የኤሪዩ ስም ነው፤ ኤረ የመጣው ከእሷ ነው። ሁለቱ እህቶቿ ጡረታ ወጥተው ግጥም ውስጥ ይኖራሉ። ሮማውያን ደግሞ ሳይገዟት ከሩቁ ሂበርኒያ አሏት፤ ለላቲን ጆሮ ክረምት ክረምት የሚሸት ስም ነው። የኮርክን ሐምሌ ያየው ጓደኛዬ በዚህኛው ስም ላይ ቅሬታ የለውም።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 4 ላይ የመንግሥቱ ስም ኤረ መሆኑን፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ አየርላንድ መሆኑን ይደነግጋል። አለቀ። ሪፐብሊክ የሚል ቃል የለበትም። ታዲያ ሪፐብሊክ ናችሁ ወይስ አይደላችሁም? ይህንኑ ጥያቄ በ1945 ፓርላማ ውስጥ የተጠየቁት የመንግሥት መሪው ኤሞን ደ ቫሌራ አዎ ወይም አይደለም ብለው አልተገላገሉም። መዝገበ ቃላትና ኢንሳይክሎፒዲያ ይዘው ቀርበው የ«ሪፐብሊክ»ን ትርጉም አንድ በአንድ አነበቡ። ፍቺውን ከሰማችሁ እኛው ነን፣ ማለታቸው ነበር። ትችት አቅራቢዎቻቸውም ወዲያው «የመዝገበ ቃላት ሪፐብሊክ» የሚል ቅጽል አወጡላት። ስም መጨመር ማን ይከለክላቸዋል!

በ1948 የወጣው ሌላ ሕግ ነገሩን አጠራለሁ ብሎ የመንግሥቱ «መግለጫ» የአየርላንድ ሪፐብሊክ ይሁን አለ። ልብ በሉ፣ ስም አላለም፣ መግለጫ ነው ያለው። «ረጅሙ አበበ» እንደማለት ነው፤ ረጅም መሆኑ እውነት ነው፣ መታወቂያው ላይ ግን ረጅሙ የሚባል የለም። የኳስ ቡድናቸው ግን ዓለም ላይ የሚዞረው በመግለጫው ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ቤልፋስት ያለው ፌዴሬሽንና ደብሊን ያለው ፌዴሬሽን ሁለቱም ቡድናቸውን «አየርላንድ» እያሉ፣ ሁለቱም ከመላው ደሴት ተጫዋች እየጠሩ ለአሥርተ ዓመታት ኖሩ። ለ1950ው የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ አራት ተጫዋቾች በአንድ ውድድር ለሁለቱም አየርላንዶች ተሰልፈዋል። ፊፋ ቆይቶ ነው የነቃው። አንዱን የአየርላንድ ሪፐብሊክ፣ ሌላውን ሰሜን አየርላንድ በሉ ብሎ ገላገላቸው። በራግቢ ደግሞ ደሴቲቱ በሙሉ አንድ ቡድን ናት፣ ስሟም አየርላንድ ብቻ። የማን መዝሙር ይዘመር የሚለው ሲያስቸግር በ1995 ጥል የሌለበት ሌላ መዝሙር አስደረሱላት። እንግዲህ ሰውየው ቅዳሜ አንድ አገር ይደግፋል፣ እሑድ ኳሱ ሲከብ አገሩ ለሁለት ይከፈላል።

ጎረቤት እንግሊዝ በዚህ ላይ የጨመረችበት ነገር አለ። ለንደን «አየርላንድ» ብላ ከጻፈች በእጇ ያለውን ሰሜኑንም ጭምር ሰጠች እንዳይባል ትፈራ ነበር። ስለዚህ ከ1938 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሕግና ደብዳቤዋ ውስጥ ኤረ የሚለውን የአይሪሽ ቃል ትሰነቅር ጀመር። ችግሩ፣ ቃሉ ሲጻፍ ከመጀመሪያዋ ፊደል አናት ላይ ጣል የምትደረግ ጭረት አለች፤ ፋዳ ይሏታል። እንግሊዞቹ ፋዳዋን ረሷት። ያለ ፋዳ የተጻፈው ቃል ደግሞ በአይሪሽ ቋንቋ «ሸክም» ማለት ነው። ይሄን ያህል ዓመት ጎረቤታቸውን «ውድ ሸክም ሆይ» እያሉ ሲጽፉላት ኖሩ ማለት ነው። የታይፕራይተር ጥፋት ነው ብሎ የሚከራከርላቸው አይጠፋም፤ እኛም የሚጠብቀውንና የሚላላውን በማይለይ ፊደል የምንጽፍ ሰዎች ብዙ ባንፈርድ ይሻላል።

ደብሊንም ዝም አላለችም። እሷ በተራዋ «የታላቋ ብሪታንያና የሰሜን አየርላንድ ዩናይትድ ኪንግደም» የሚለውን ሙሉ ስም ከአፏ ላለማውጣት ምላሷን ስታዞር ኖረች። በ1989 አንድ የደብሊን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ሰው አስረክቡን የሚል ማዘዣ የሚልኩ አገሮች አገሪቱን በትክክለኛ ስሟ ካልጠሯት ወረቀቱ እስኪታረም ይመለስላቸው ብለው ጻፉ። ተጠርጣሪው በስም ስህተት ቡና እየጠጣ ቁጭ ሊል ነው! ሁለቱ መንግሥታት አንዳቸው የሌላቸውን ስም እንደተጻፈ ለመጥራት የተስማሙት ከ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት ወዲህ ነው። ሰላም ለማውረድ ብዙ ነገር ያስፈልጋል፤ አንዱ ጎረቤትን በስሙ መጥራት ሆነ።

ከሁሉም የሚገርመው ግን አፍ ላይ ያለው ነው። ጓደኛዬ መጋዘን ሲቀጠር «ሪፐብሊኩ» ማለት የለመደው ከቤልፋስት ከመጣ ባልደረባው ነው። አንድ ቀን ሻይ ላይ ይህንኑ ቢደግመው፣ አያታቸው ለነፃነት የተዋጉ ሽማግሌ ሠራተኛ ቀና ብለው «የትኛው ሪፐብሊክ? ሃያ ስድስቱ አውራጃ ማለትህ ነው?» አሉት። ደሴቲቱ 32 አውራጃ ናት፤ 6ቱ በእንግሊዝ ሥር ሲሆኑ 26ቱን «አገር» ብሎ መጥራት ለእሳቸው ግማሽ እንጀራ ላይ ጸሎት እንደማድረስ ነው። በሳምንቱ «ኤረ» ብሎ ሊያስደስታቸው ሞከረ። ይባስ ተቆጡ፤ «እንግሊዝኛ እያወራህ ኤረ ምን ይሠራል? ስፔንን እስፓኛ ትላታለህ?» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሳንቲማቸው ላይ ከበገናው ጎን የተቀረጸው ኤረ ነው፣ ቴምብራቸው ላይ ኤረ ነው፣ አንተ ስትለው ግን ነውር ነው። ሰውን በታክሲ ሰልፍ ላይ በክርስትና ስሙ «ወልደ ሚካኤል!» ብለህ ብትጠራው ሊሆን የሚችለውን አስብ፤ ስሙ አይደለም እንዴ? ነው፤ አንተ ግን ቄስ አይደለህም።

«ደቡብ አየርላንድ» ያለው ግን አንድ ከእንግሊዝ የመጣ አለቃ ነው። ሁሉም ሰው የሻዩን ስኒ ውስጥ ውስጡን ማየት ጀመረ ይላል ጓደኛዬ። ይህ ስም በሕግ ኖሮ ያውቃል፤ እንግሊዞች በ1920 ባወጡት ሕግ «ደቡብ አየርላንድ» የሚባል ነገር ተፈጥሮ 128 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ተሰጠው። በ1921 ሲከፈት የመጡት 4 ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ 124 በዚህ ስም አንቀመጥም ብለው ቀሩ። አራቱም ትንሽ ተያይተው ተበተኑ። በእኛ አገር ዕድር እንኳ በአራት ሰው ስብሰባ አይጀመርም።

በዚያ ላይ ደቡቡ ደቡብ አይደለም። የደሴቲቱ የመጨረሻው ሰሜናዊ ጫፍ ማሊን ሄድ የሚባል ዶኔጎል አውራጃ ውስጥ ያለ ድንጋያማ ራስ ነው፤ ዶኔጎል ደግሞ በ«ደቡቡ» ውስጥ ናት። ከሰሜን አየርላንድ ተነስተህ ወደ ሰሜን ስትነዳ ደቡብ ትደርሳለህ። ይህን ለጓደኛዬ የነገረው የቤልፋስቱ ባልደረባው ነው። እሱ ራሱ የደብሊንን ሰዎች «ሜክሲኮዎች» ነው የሚላቸው፤ ከድንበሩ በታች ስለሚኖሩ። ማሊን ሄድ ሣሩ ላይ በነጭ ድንጋይ በትላልቅ ፊደላት ኤረ ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገለልተኛ ነበሩና፣ በላያቸው የሚያልፍ አውሮፕላን የማን አገር እንደሆነ እንዲያውቅ በባሕር ዳርቻው ሁሉ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደረደሩ። በ2018 ብሬይ ሄድ በሚባል ኮረብታ ላይ ቁጥቋጦው በእሳት ሲጋይ ከሥሩ ይኸው ስም በድንጋይ ተጽፎ ከሄሊኮፕተር ታየ። ስማቸው በዝቶ የሚጠፋቸው ሰዎች በሰማይ ለሚያልፍ ሰው ሲሉ ብቻ አንዱን መረጡ። እሱንም ያለ ፋዳ ጻፉት፤ ሸክም ብለው።

ከተማ ከተማውም እንዲሁ ነው። አንዷ ከተማ ለካቶሊክ ብሔርተኛው ደሪ፣ ለፕሮቴስታንቱ ለንደንደሪ ናት። የመንገድ ምልክቱ ላይ «ለንደን» የሚለውን ክፍል ማታ ማታ ቀለም የሚቀባ ሰው አይጠፋም። ሁለቱን ለማስታረቅ በእዝባር ለይተው ደሪ/ለንደንደሪ ሲጽፉ፣ ጄሪ አንደርሰን የተባለ የአገሩ የሬዲዮ ሰው ከተማዋን «እዝባር ከተማ» ብሎ አረፈው። ሦስተኛ ስም ሆነ።

እኛ ግን እንዲህ ስንስቅ ነገሩ የሌላ ሰው ብቻ እንዳይመስለን። አየርላንድና ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር የገቡት በአንድ ወር ነው፣ መስከረም 1923። እሷ «የአየርላንድ ነፃ ግዛት» በሚል ስም በ10ኛው ቀን ገባች፤ እኛ በ28ኛው። በእኛ አቆጣጠር ግን እሷ ጳጉሜን 5 ቀን 1915 ነው፣ እኛ ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1916፣ የመስቀል ዕለት። በአንድ ወር ገባን ስንል በእኛ ቀን መቁጠሪያ በወርም በዓመትም እንለያያለን። በጄኔቫ ደ ቫሌራ ጣሊያን በእኛ ላይ ስትነሳ ማዕቀቡን የደገፉ ሰው ነበሩ። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ጋዜጦች ስለ እኛ ሲጽፉ «አቢሲኒያ» ነው የሚሉን። አቢሲኒያ አይደለንም ኢትዮጵያ ነን ብለን ስንት ዓመት ተከራከርን! ኋላ ግን እኛው ባንክ ስንከፍት አቢሲኒያ አልነው፤ ቢራ ስንጠምቅ ሐበሻ አልነው። ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አይጠራም፤ «አገር ቤት» ነው የሚለው። ቦስተን ያለው አይሪሽም እንደዚያው፣ «ቤት» ብሎ ያልፋታል።

በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ደወለ። ሽሮው ደርሷል፤ ከበርበሬው ፌስታሉ ተቀዶ ትንሽ የፈሰሰ አለ። ካርቶኑ ላይ ልጅቷ በማሽንም በእጅም የጻፈችውን ሁለት ስም ለጎረቤቱ፣ ኮርክ ተወልዶ ኮርክ ላረጀ ሰው አሳየው። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ አየውና ሁለቱም ስህተት ነው አለ። እስክሪብቶ አውጥቶ ሁለቱንም ሰረዛቸውና «የኮርክ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ብሎ ጻፈበት። ኮርክ ውስጥ ይህ ስም በቲሸርት ታትሞ ይሸጣል፤ እውነተኛዋ ዋና ከተማ እኛ ነን የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ጓደኛዬ አስገብቶ ሽሮውን ሠራለት። ሰውየው ቀምሶ ወደደው፣ ስሙን ጠየቀ።

«ሽሮ ነው» አለው። «ይሄኛው ምጥን ነው። ቀጠን ሲል ፈሰስ እንለዋለን። ጠንከር ብሎ በሸክላ ሲቀርብ ተጋቢኖ ነው። ሥጋ ከገባበት ግን ቦዘና ሽሮ…»

ሰውየው ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንድ ነገር አይደለም እንዴ?»