ሁለተኛው ገመድ

ደብረ ዳሞ ደረጃ የለውም። ትግራይ ውስጥ፣ ከአዲግራት በስተምዕራብ ያለ አናቱ ጠፍጣፋ አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል። ሴት አትወጣም፤ ከእንስሳትም ቢሆን እንስቶቹ አይወጡም። ወንዱ ደግሞ 15 ሜትር ያህል በገመድ ይንጠላጠላል። ገመዱ ሁለት ነው፦ አንዱን ጠፍር በእጅህ ጨብጠህ ትወጣለህ፤ ሌላውን ወገብህ ላይ ያስሩልህና ከላይ ያሉት መነኩሴ ይስቡሃል።

ከትግራዩ ጦርነት በፊት ስንሄድ አብሮን አንድ ኢንጂነር ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ ጂም ሲያወራ፣ ክንዱን ሲያስነካን ነው የደረስነው።

ከፊታችን ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ተሰልፈዋል። ተራቸው ሲደርስ ቀና ብለው ጮኹ፦ «አባ! እኔ ፈሪ ነኝ፤ ጉልበትም የለኝ። ጠበቅ አድርገው ይሳቡኝ!» ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ እንደ ጤፍ ኩንታል ተጎትተው ላይ ደረሱ።

ኢንጂነሩ ሲታሰር ተቆጣ፤ ግድ ነው ስላሉት እሺ አለ። «ግን አባ፣ እንዳይስቡኝ! በራሴ እወጣለሁ!» መነኩሴ መቼም ታዛዥ ነው፤ ገመዱን አላሉለት።

እኩሌታው ላይ ቆመ።

«ምነው?» አልነው ከታች።

«አገሩን እያየሁ ነው!»

በአፍንጫውና በድንጋዩ መካከል ስንዝር የለም። የትኛውን አገር እንደሚያይ እሱ ያውቃል። መነኩሴው ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ልሳብህ?»

«የለም አባ፣ እያረፍኩ ነው!»

«እንግዲያው እኔም ልረፍ።» ተቀመጡ።

ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አባ… ገመዱን ትንሽ ጠበቅ ቢያደርጉት?»

«ደከመህ እንዴ?»

ዝም። ለንስሐ አባቱ ስንቱን ጉድ የሚዘረግፍ ሰው፣ ይህችን አንዲት ቃል በሰው ፊት ከሚናገር መውደቅን ይመርጣል፤ የኛ ሰው በተለይ። በመጨረሻ «አቃተኝ!» ሲል ገደሉ ተቀብሎ ደገመለት። ገመዱ ተወጠረ፤ ሽቅብ ተነጠቀ።

እኛም ተራ በተራ ተጎትተን ስንደርስ መነኩሴው ላባቸውን እየጠረጉ ነበር። «ልጄ፣ አቡነ አረጋዊም እኮ በጉልበታቸው አልወጡም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ገዳሙን በስድስተኛው መቶ ዘመን የመሠረቱትን ጻድቅ፣ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱን፣ ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው ይተረካል፤ ሥዕሉም በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። ዘንዶውን «ተወኝ፣ በራሴ እወጣለሁ» እንዳሉት ግን የትም አልተሣለም።

ስንመለስ ኢንጂነሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ትምህርት ያዘ፦ የወገቡ ገመድ ስንት ኪሎ እንደሚችል፣ ቋጠሮው በየት በኩል መሆን እንዳለበት፣ ያለ እሱ መውረድ እብደት እንደሆነ። ሽማግሌው ቀድመው ታስረው ቆመው፣ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት። «ባትነግረኝ ኖሮ ዘልዬ ልወርድ ነበር።»