የፈረስ ስም ጥቅም

የፈረስ ስም የሚባለው አንድ ጌታ ለጦር ፈረሱ ያወጣውን ስም «አባ» ከሚል መነሻ ጋር አያይዞ ራሱ የሚሞገስበት መጠሪያ ሲሆን፣ አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» መባላቸው ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። በግልጽነቱ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ግን ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት የአፄ ዮሐንስ 4ኛ «አባ በዝብዝ» ነው። ደመወዝ የማይቆረጥለት ሠራዊት በደረሰበት አገር ከገበሬው ጎተራ ይቀለብ በነበረበት ዘመን፣ ይህ ስም ለዘማቹ ትእዛዝ፣ ለባላገሩ ደግሞ የቅድሚያ ማስታወቂያ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ «አልሰማሁም ነበር» ብሎ የሚያለቅስ ሰው ጥፋቱ የራሱ ይሆናል።

ስሙ ሌላም በጎነት አለው፤ ጎተራው የተገለበጠበት ገበሬ ልክሰስ ቢል ተከሳሹን መለየት ይቸግረዋል፣ ስሙ የፈረሱ ነውና፤ ፈረሱም በበኩሉ ከዘረፋው የደረሰው ድርሻ አንድ ቁና ገብስ ብቻ መሆኑን፣ እሱንም ሳይጠየቅ እንደ በላ፣ ቢናገር ኖሮ በነፃ ይሰናበት ነበር። ገበሬው ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ «አባ ዳኘው» ይግባኝ ቢልስ? እዚያም የሚጠብቀው ስም የፈረስ ነው።

የዛሬ ሹማምንት የሚጓዙበት መኪና ግን ከሰሌዳ ቁጥር በቀር ስም ስለሌለው፣ ባለቤቱ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ከሩቅ ማወቅ አይቻልም።